ትተነፍሳለች፣ ተዉአት!

በዚህ ከተማ ሽበትና አሮጌ መርሰዲስ አንድ ላይ ይዞ መውጣት ለምክር መጋለጥ ነው። ቀይ መብራት ላይ ቆሜ፣ መስኮቴን ዝቅ አድርጌ ነፋስ ልቀበል ስል ከጎኔ የቆመው ጎረምሳ አንገቱን ያሰግግና «ፋዘር፣ ይቺን ነገር ኢንቴክ ቀይርላት፤ ትበርልሃለች!» ይለኛል። (አንቱታው ከቀረ ቆይቷል፤ እሱን ሌላ ቀን አማርራለሁ።) ማን ብረሪ አላት? እኔ ከቤቴ ቤተ ክርስቲያን፣ ከቤተ ክርስቲያን ዕድር ነው የምሄደው። ብበርም ብዘገይም ቀብሩ አያመልጠኝም።

ኢንቴክ የሚሉት አየር ወደ ሞተር የሚገባበትን ቧንቧና የፊልትሮውን ቤት ነው። ፋብሪካ የገጠመውን አውጥተህ ሱቅ የሸጠልህን ትገጥማለህ፣ ያኔ መኪናዋ «በደንብ ትተነፍሳለች» ይባላል። በደንብ መተንፈሷ በምን ይታወቃል ስትላቸው፣ በድምፁ! በእኛ ጊዜ ሞተር ሲጮህ «ምን ነካው?» ብለን ጋራዥ እንወስደው ነበር፤ አሁን ዝም ያለውን እንዲጮህ ጋራዥ ይወስዱታል።

የእኔዋ የ1990 ስሪት 300 ኢ ናት፤ ጀርመኖቹ በቤት ስሟ 124 ይሏታል። ሴዳኗ በእነሱ አቆጣጠር ከ1984 መገባደጃ እስከ 1995 ተመርታለች። ስድስቱ ሲሊንደሮቿ በአንድ መስመር የተሰለፉ፣ ሦስት ሊትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ሞተር አላት፤ ፋብሪካው 180 የፈረስ ጉልበት ጽፎላታል። የዝናብ መጥረጊያዋ አንድ ብቻ ነው፣ በዚህም የሚስቁብኝ አሉ። ያ አንድ ክንድ ግን እየተዘረጋ እየተሰበሰበ ከመስታወቱ 86 ከመቶውን ይጠርጋል። ለአንዲት መጥረጊያ ይህን ያህል የተጨነቁ ሰዎች የሞተሩን ትንፋሽ ረሱት እንዴ? ይህን ስጠይቅ ነው ጎረምሶቹ ስልካቸውን የሚያዩት።

«አዲስ ግዛ» ለሚለኝም መልስ አለኝ። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሄድ የቤት አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ተከልክሏል። የሚገባው የኤሌክትሪኩ ነው። እሱ ደግሞ ካንዴላ የለው፣ ማርሚታ የለው፣ የሞተር ፊልትሮ የለው፤ ኮፈኑን ብትከፍተው የምትነካካው ነገር አታገኝም። እጁን የሚበላው ወጣት ታዲያ የት ይሂድ? ወደ እኔ ኮፈን ይመጣል።

አሜሪካ፣ ሜሪላንድ የሚኖር የእህቴ ልጅ አለኝ። እግዜር ይባርከውና ደግ ልጅ ነው። ለፋሲካ «ጋሼ፣ ምን ልላክልህ?» ሲለኝ የጉልበት ቅባትና የሱፍ ሹራብ አልኩት። የላከልኝ የአየር መሳቢያ ነው። የሚመጣ ሰው የሚፈቀድለት ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ ነው፤ በዚያ ውስጥ የስንቱ እናት የደም ግፊት መድኃኒት፣ የስንቱ ሕፃን ጫማ ይጠበቃል። የእነሱ ቦታ ተነጥቆ ነው ይሄ ቧንቧ የገባው። ካርቶኑን ስንከፍት የታጠፈ የአሉሚኒየም ቧንቧ፣ ቀይ ሾጣጣ ፊልትሮ፣ ፋሸታዎችና አንድ ትልቅ ስቲከር ወጣ። ስቲከሩ ብቻውን አምስት ፈረስ ይጨምራል አለ የልጅ ልጄ፤ ሲቀልድ አልመሰለኝም። ካርቶኑ ላይ «ለሁሉም መኪና ይሆናል» የሚል ጽሑፍ አለበት። በዚህ ዕድሜዬ ለሁሉም ይሆናል የተባለ ነገር ለአንዱም በልኩ ሲሆን አላየሁም። ከሥሩ ደግሞ በደቃቅ ፊደል፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ ለመንገድ መኪና እንደማይፈቀድ ተጽፏል። እዚያ የአየር ጉዳይ የሚመለከተው ቦርድ አለ፤ እንዲህ ያለውን ዕቃ መርምሮ የፈቃድ ቁጥር ካልሰጠው መኪናው የጭስ ምርመራ አያልፍም። ካሊፎርኒያ ያልፈቀደችው ዕቃ ቦሌ ሲደርስ የበዓል ስጦታ ሆነ ማለት ነው።

ያን ሰሞን ቤቴ ሸንጎ ሆኖ ሰነበተ። የልጅ ልጄ ስልኩን አፍንጫዬ ሥር ደቅኖ ያስመርጠኛል። «አባባ፣ ይሄ የመጣልህ ክፍቱ ኮን ነው። ካልወደድከው ይሄ ሣጥን ያለው ካርቦን አለ። ይሄኛው ደግሞ ከድሮው ቤት ውስጥ የሚገባ፣ የሚታጠብ የጥጥ ፊልትሮ ነው።» ባለቤቴ ከጓዳ ሆና «የሚታጠበው ይሁን» አለች፤ እሷ ዘንድ የሚታጠብ ነገር ሁሉ ከሚጣለው ይበልጣል። ላንድክሩዘር የሚነዳው ጎረቤቴ ስኖርክል አስገጥም አለኝ፤ ያንን በመስታወቱ ጎን ሽቅብ የሚወጣውን፣ ወንዝ ሲሻገሩ ሞተሩ ውሃ እንዳይጠጣ የሚገጠመውን ቱቦ። የሰፈራችንን መንገድ በሐምሌ ላየው ሰው ሐሳቡ ያን ያህል ሞኝነት የለበትም።

ክፍቱን ኮን ላስቀድም፣ ልጆቹ የሚሞቱለት እሱ ነውና። ፋብሪካው የሠራው የአየር መግቢያ አፉ ከፊት፣ ከራዲያተሩ አጠገብ ነው፤ የሚወስደው የውጭውን ቀዝቃዛ አየር ነው። አየሩ ከዚያ ሞተሩ አናት ላይ ወደተቀመጠው ጥቁር ቤት ይገባል፣ በፊልትሮው ተጣርቶ ያልፋል። ኮኑን ስትገጥም ያንን ሁሉ ትጥልና ፊልትሮውን እርቃኑን ከሞተሩ ጎን ታንጠለጥለዋለህ። የሚስበው የሞተሩን ትኩሳት ነው። ትኩስ አየር ደግሞ ስስ ነው፤ 60 ዲግሪ የደረሰው ከ20 ዲግሪው በ12 ከመቶ ግድም ይሳሳል። ታዲያ ምን ተረፈህ? ጩኸት! ጥቁሩ ቤት ከአቧራው ሌላ ሞተሩ አየር ሲስብ የሚያሰማውን ድምፅ ውጦ ያስቀር ነበር። እሱን ስትጥለው ድምፁ ይወጣል፤ ጎረምሳው ድምፁን ይሰማና ጉልበት የመጣ ይመስለዋል።

በእኔዋ ላይ ሌላም ጣጣ አለ። የቤንዚን አመጋገቧ ቦሽ የሠራው ኬኢ ጄትሮኒክ የሚሉት ነው፤ የሚገባውን አየር የምትለካው በሳህን ነው። እውነተኛ ክብ ሳህን። አየሩ ሳህኑን ይገፋል፣ ሳህኑ ዘንግ ያንቀሳቅሳል፣ በዚያ ልክ ቤንዚን ለስድስቱም ይመጠናል። ይህ ሳህን ያለው ደግሞ ልክ ከፊልትሮው ቤት ሥር ነው። ቤቱን አንስተህ የማይገጥም ቧንቧ በፋሸታ አንቀህ ብታስርበት አየሩ ተዛብቶ ይመጣበታል፣ ሚዛኑ ይሳሳታል። እስቱትጋርት ያሉ ሰዎች በስንት ድካም ያስተካከሉትን ሚዛን የሰፈር ልጅ በአንድ ካቻቪቴ ሊያሻሽለው ነው!

ስለ ጥጡ ግን ክፉ አልናገርም። ካሊፎርኒያ ውስጥ በ1969 የተመሠረተ ኬ ኤንድ ኤን የሚባል ኩባንያ አለ፤ ስሙን ያስጠራው ይሄው ዘይት የሚቀባ የጥጥ ፊልትሮ ነው። ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ዘይቱን ተቀብቶ ዓመታት ያገለግላል፣ አየርም ከወረቀቱ ይልቅ ቀለል ብሎት ያልፍበታል። ችግሩ ቀለል ብሎት የሚያልፈው አየር ብቻ አለመሆኑ ነው፤ ደቃቅ አቧራም አብሮት ይሾልካል። ጥሩ የወረቀት ፊልትሮ ከመጣበት አቧራ ከ99 ከመቶ በላይ ይይዛል፤ ጥጡ የሚሸነፈው በቀረችው ቅንጣት ነው። አውሮፓ ውስጥ፣ ዝናብ ባጠበው አስፋልት ላይ ይህ ምናምንቴ ነገር ይሆናል። እኛ ጋ ግን ጠዋት ያጠብኳትን መኪና ማታ ቀለሟን የምለየው በሊብሬዋ ነው። ዘይቱን የሚያበዛም አለ፤ አዳዲሶቹ መኪኖች ላይ የተረፈው ዘይት የአየር መለኪያ ሴንሰሩ ላይ ሊለጠፍና ሌላ ወጪ ሊጠራ ይችላል። የእኔዋ እንዲያ ያለ ሴንሰር የላትም። ሳህን ነው ያላት፣ ሳህን ይወለወላል።

ቧንቧ ውስጥ የሚወሸቅ፣ አየሩን አሽከርክሮ ቤንዚን ይቆጥባል የተባለ ቆርቆሮም አሳይተውኛል። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ነዳጅ ይቆጥባሉ የተባሉ ከ100 በላይ ዕቃዎችን መርምሮ ፍጆታን በጉልህ የሚቀንስ አላገኘም። እሱን እንለፈው።

ጎረምሶቹ «አየር አጥሯታል» የሚሉት ነገር ግን ፈጽሞ ውሸት ነው አልልም። አጥሯታል፤ ሁላችንንም አጥሮናል! አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ እዚህ ያለው የአየር ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛውን ያህል ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር አየሩ ሲሳሳ ጉልበቱም አብሮ ይሳሳል። ጀርመን አገር 180 ተብለው የተቆጠሩት ፈረሶች እንጦጦ ግርጌ ሲደርሱ 140 እንኳ መሙላታቸው ያጠራጥራል፤ የቀሩት ደጋውን አልቻሉትም። ወደ አዋሽ ሰባት ይዛችኋት ውረዱ፣ ከ1,000 ሜትር በታች ነው። ያቺው አሮጊት፣ በዚያው ፊልትሮ፣ ያለ ምንም ስቲከር ነፍስ ትዘራለች። እንጦጦን ዝቅ የሚያደርግ ቧንቧ ሲመጣ ጥሩኝ።

መካኒኬ ሳያያት ማንም እንዳይነካት ብዬ ነበር። ተክለ ሃይማኖት አካባቢ የሚሠራ፣ ከእኔ በጥቂት ዓመት የሚያንስ ሰው ነው። ቀዩን ኮን ሳሳየው በሁለት ጣቱ ይዞ አገላበጠውና «ጋሼ፣ ይሄ ምንድን ነው? የልደት ባርኔጣ?» አለኝ። ከዚያ ኮፈኑን ከፈተ። የፊልትሮውን ቤት መንጠቆዎች አንድ በአንድ ለቀቀ፣ ክዳኑን አንስቶ ፊልትሮውን አወጣ። በወረቀቱ እጥፋት መሐል አፈር፣ የደረቀ የባሕር ዛፍ ቅጠልና አንዲት የሞተች ንብ ነበሩ። ይህ ፊልትሮ እንግዲህ ቀድሞ የምሄድበት ጋራዥ ሰርቪስ ባስደረግሁ ቁጥር «ቀይረነዋል» እያለ ያስከፈለኝ ነው። ደረሰኙ ሁሉ እቤቴ አለ። ንቧ በደረሰኙ ላይ የለችም።

ቤቱን ሲያነሳው ሳህኗ ታየች። በጣቱ ጫን አደረጋት፣ ሳትንገራገር ሄዳ ተመለሰች። «እሷ ደህና ናት» አለ። ሞተሩን አስነሣና ከሳህኗ ሥር ባለው ወፍራም ጉሚኒ ዙሪያ ስፕሬይ ረጨት፣ ረጨት አደረገ። አንዱ ጎን ላይ ሲደርስ ሞተሩ ድምፁን ቀየረ። አጥፍቶ የእጅ ባትሪውን አስጠጋ፣ የጉሚኒውን እጥፋት በአውራ ጣቱ ከፈት አደረገልኝ፤ የቀጠነ ስንጥቅ፣ እጥፋቱን ተከትሎ ግማሽ ዙር የሄደ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ማለት ይሄ ነው። በዚያ ስንጥቅ የሚሾልከውን አየር ሳህኗ አላየችውም፤ ሳህኗ ላላየችው አየር ቤንዚን አይመጠንለትም። ስለዚህ መኪናዋ ቆማ ስትሠራ ትንቀጠቀጣለች፣ ነዳጅ ስትረገጥ ታመነታለች። ጎረምሶቹ «አየር አጠራት» ብለው የፈረዱባት ለካ ያልተቆጠረ አየር በዝቶባት ኖሯል!

ጉሚኒውን ፍለጋ ሶማሌ ተራ ወረድኩ። ሶማሌ ተራ ማታ የጠፋብህን ስፖኪዮ ጠዋት ተከራክረህ የምትገዛበት ነው እየተባለ ይታማል፤ ሐሜቱን አላጣራሁም። አሮጌውን ጉሚኒ ለመጀመሪያው ባለሱቅ ዘረጋሁለት። «ይሄ የለም አባት፤ ኢንቴክ አለ። ቀይ ትፈልጋለህ፣ ሰማያዊ፣ ክሮም?» አለኝ። ስንጥቁን የሚደፍን ጉሚኒ በአገሩ የለም፣ ጩኸቱ ግን በሦስት ቀለም ቀርቧል! ከአንዱ ወደ አንዱ ስንከራተት መጨረሻ ላይ አንድ ሸምገል ያለ ነጋዴ ከተከመረ ማኒኮቶ ሥር በጋዜጣ የተጠቀለለውን አውጥቶ አቧራውን በክርኑ ጠረገልኝ። ዋጋውን አልናገርም፣ ባለቤቴ ይህን ልታነብ ትችላለች።

ጉሚኒውና አዲስ የወረቀት ፊልትሮ ከገቡ ወዲህ መንቀጥቀጡ ቀርቷል፣ ዳገትም ሳታመነታ ትወጣለች። ቀዩ ኮን የልጅ ልጄ መኝታ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። የእህቴ ልጅ ደውሎ «ጋሼ፣ ለውጡ ተሰማህ?» አለኝ። «በጣም!» አልኩት፣ ሐሰት የለበትም። ደስ አለውና ለእንቁጣጣሽ ደግሞ የሚያጓራ ማርሚታ ሊልክልኝ መሆኑን አበሰረኝ።

124 የምትነዱ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ቧንቧ ከመግዛታችሁ በፊት ጉሚኒውን በባትሪ እዩት። ጋራዡ «ፊልትሮ ቀይሬያለሁ» ሲላችሁ ደረሰኙን ትታችሁ አሮጌውን ፊልትሮ አምጣ በሉት። ሜሪላንድ ያላችሁ፣ ለእንቁጣጣሽ ወደዚህ የምትመጡ ወገኖች ደግሞ፣ አንድ ትሑት ልጅ ረጅም ካርቶን ይዞ በራችሁን ካንኳኳ እባካችሁ «ሻንጣው ሞልቷል» በሉልኝ። ለጉልበት ቅባት ከሆነ ግን ቦታ ፈልጉለት።