ሎሚ ስቀምል

ሮውሌት ላይ ሎሚ አሳድጋለሁ ማለት የዓመቱን ሲሶ ሳሎን ተቀምጦ ከሰው ጋር ዜና የሚያይ ዛፍ አሳድጋለሁ ማለት ነው። ከዳላስ በስተምሥራቅ፣ ሬይ ሀባርድ ከሚባለው ሐይቅ ዳር ያለችው ከተማችን ሙቀቷ አስፋልት ያቀልጣል፣ ብርዷ ደግሞ ሎሚ አይምርም። ስለዚህ ዛፉ የሚተከለው በማሰሮ ነው። ኅዳር ሲገባ እኔና ጎረቤቴ እንደ ሕመምተኛ ተሸክመን እናስገባዋለን፣ መጋቢት ላይ ተሸክመን እናወጣዋለን። ሃምሳ ሎሚ ላንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው ይባላል። የእኔው ፍሬው ሦስት ነው፤ ሸክሙ ግን የሃምሳ።

ዓይነቱ ሜየር የሚባለው ነው። ፍራንክ ሜየር የተባለ የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት ዕፅዋት ሰብሳቢ እ.ኤ.አ. በ1908 ከቻይና አመጣው፤ ከሌላው ሎሚ ብርድ ይችላል ይሉታል። ቆዳው ለስላሳ፣ ኮምጣጣነቱ ይሉኝታ ያለበት ነው። የመጀመሪያውን ፍሬ በቪዲዮ ለእናቴ ሳሳያት ስልኩን አስጠግታ አየችና፣

“ይሄ ሎሚ ነው ወይስ ብርቱካን?” አለችኝ።

“ዲቃላ ነው፣ እማዬ።”

“እሱስ ያስታውቃል።”

ብርድ ይችላል መባሉን እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2021 አይተነዋል። ዳላስ ከዜሮ በታች 19 ዲግሪ ሴልሺየስ ወርዶ፣ መብራት ጠፍቶ፣ ቤት ውስጥ ኮት ደርበን ስንተኛ፣ ሎሚው ጋቢዬን ተከናንቦ ጥግ ላይ ቆሞ ነበር። ጋቢው አንድ ነው። እኔ ኮት ለበስኩ።

ነገሬ ግን ስለ ብርድ አይደለም። ባለፈው ጥር አንድ ጠዋት ወደ ወጥ ቤት ስራመድ እግሬ ሄደ፣ ካልሲዬ ወለሉ ላይ ቀረ። ባለቤቴ ዞር ብላ፣ “ማር ደፍተህ ነው?” አለች። ማር ቤታችን ከገባ ቆይቷል። ጎንበስ ብዬ ሳይ ከሎሚው ሥር ያለው ሸክላ ያብለጨልጫል፤ የታችኞቹ ቅጠሎችም ቅቤ የተቀቡ ይመስላሉ፣ አንዳንዱም ላይ ጥቀርሻ የመሰለ ጥቁር ነገር ተጋግሯል። አንዱን ቅጠል ገለበጥኩት። በመካከለኛው ጅማት ግራና ቀኝ፣ ከምስር አነስ ያሉ ቡናማ ጉብጉቦች ተራ ይዘው ተለጥፈዋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መናዘዝ አለብኝ። ጉብጉቦቹን ከታኅሣሥ ጀምሮ አውቃቸዋለሁ። “ሊያፈራ ነው” ብዬ ለባለቤቴ አሳይቻታለሁ፤ እንዲበረታም ማዳበሪያ ጨምሬለታለሁ። ያን ዕለት አንዱን በጥፍሬ ጫር ሳደርገው እንደ ቅርፊት ተነሣ፣ ከሥሩ እርጥብ ነበር። ተባይ ነው። ልጅ ሳለ እግር አለው፤ ጥቂት ቀን ይንከራተትና የሚስማማውን ቦታ ሲያገኝ መርፌ የመሰለ አፉን ይተክላል፣ ላዩን ጋሻ ያለብሳል፣ ከዚያ ወዲያ እምብዛም ንቅንቅ አይልም። የዛፉን ጭማቂ ይጠጣል፣ የተረፈውን ስኳር በስተኋላው ያንጠባጥባል። ጥቀርሻውም እዚያ ስኳር ላይ የበቀለ ሻጋታ ነው። ካልሲዬን የያዘው ምን እንደነበረ አሁን ገብቷችኋል።

ሐበሻ ችግር ሰምቶ መድኃኒት ሳያዝ አይሄድም። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ጉዳዩን ባነሣ አንዱ አመድ አለ፣ አንዱ ሚጥሚጣ አለ፣ አንዱ ደግሞ “ሱቅ ሞልቶ የለም እንዴ ሎሚ?” ብሎ ከቁም ነገር የማይቆጠር ሐሳብ አቀረበ። ሚጥሚጣውን በውኃ በጥብጬ፣ አጥልዬ፣ በመርጫ ጠርሙስ ነፋሁት። ሳሎን ውስጥ ነው። ተባዮቹ ምን እንደተሰማቸው አላውቅም፤ እኛ ግን በዚያ ብርድ በሩን ወለል አድርገን ከፍተን ግማሽ ሰዓት ግቢ ቆመን አስነጠስን።

እናቴ ዘንድ ደወልኩ። “በእንዶድ እጠበው” አለች፣ ነጠላ እንደማጠብ አቅልላ። ሳቄን ዋጥኩ እንጂ ነገሩ የሚናቅ አልነበረም። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ቁልቁል ቀንድ አውጣዎች ሞተው ያዩት፣ የቢልሃርዝያን አስተላላፊ የሚገድል መድኃኒት ከልብስ ማጠቢያ ያገኙት በዚሁ ተክል ነው። እናቴ ቀንድ አውጣ አላለችም፤ ግን አረፋ የሚደፍቅ ነገር ለስስ ገላ ነፍሳት ጠላታቸው እንደሆነ እዚህ አገር ያሉ አትክልተኞችም አይክዱም። ሳሙና ገላቸውን ካራሰ ሽፋናቸውን ያፈርሰዋል። ካላገኛቸው ምንም አያደርጋቸውም፤ ጋሻ የለበሰውንም እምብዛም፣ ልጆቹን ነው የሚጨርሰው።

እንዶድ ሮውሌት የለም፤ የሰሃን ሳሙና አለ። ለአንድ ሊትር ውኃ አንድ የሾርባ ማንኪያ፣ ያውም ለተክል ተብሎ የተሠራው፣ ይበቃ ነበር። ግን ሳሙና ለክቶ የሚያጥብ ቤት አላደግሁም። በሦስተኛው ቀን አሥራ አንድ ቅጠል ረገፈ። ቆጥሬአቸዋለሁ።

የቀረው መንገድ አልኮል በጥጥ ነክሮ አንድ በአንድ መልቀም ነው። የፋርማሲውን 70 በመቶ አልኮልና የጆሮ መጥረጊያ ጥጥ ይዤ፣ በርጩማ ስቤ፣ ማሰሮውን በጉልበቶቼ መካከል አስገባሁት። ቅርንጫፉን ዘንበል፣ ቅጠሉን ገልበጥ፣ ጥጡን ጫን አድርጌ ጋሻው እስኪለቅ ትንሽ መጠበቅ፣ ከዚያ መጥረግ። ጅማቱ ሥር የተደበቀውን በጥፍር። እንዲህ ተጎንብሼ ሳለሁ እናቴ በቪዲዮ መጣች። ዝም ብላ ስታየኝ ቆየችና፣ “ልጄ፣ ትቀምለዋለህ እንዴ?” አለች። እውነቷን ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ራሴን ጉልበቶቿ መካከል ጥብቅ አድርጋ ይዛ ፀሐይ ላይ ቅማል ስትለቅምልኝ፣ እኔም እንደዚህ ዛፍ መሄጃ አልነበረኝም። “ቅጫሙን እንዳትረሳ፣ መልሶ የሚያመጣው እሱ ነው” ብላ ዘጋችው። ቅጫሙን ለመጨረስ በየሳምንቱ እየደጋገምኩ አምስት እሑድ ፈጀብኝ።

መጋቢት ላይ ሲወጣ ንጹሕ መስሎኝ ነበር። ሚያዝያ ላይ ግን ግንዱን ይዘው የሚወጡና የሚወርዱ ጉንዳኖች አየሁ። ቴክሳስ ስመጣ ከብት አርቢ አያለሁ ብዬ ስንት ዓመት በሀይዌይ ስመላለስ ያላጋጠመኝ፣ ለካ ሎሚዬ ላይ ነው ያለው። አዲሱ ቅጠል ጫፍ ላይ ክሽክሽ ሰፍሯል፤ ጉንዳኑ በአንቴናው ጀርባውን መታ መታ ሲያደርገው ክሽክሹ አንዲት ጣፋጭ ጠብታ ያወርዳል፣ ጉንዳኑ ይጠጣል። ማለብ ነው እንጂ ሌላ ስም የለውም። ሊበላ የሚመጣ ጥንዚዛ ሲኖር ደግሞ እረኛው ነክሶ ያባርራል። እነዚህ እሳት ጉንዳን የሚሏቸው እንደኔው መጤ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በአላባማ ወደብ ከደቡብ አሜሪካ ገብተው ዛሬ ርስትም ከብትም አላቸው። እኔ ገና የቤት ዕዳዬን አልጨረስኩም። ክሽክሹን በጎማ ውኃ አጥቤ አወረድኩት፣ ግንዱን በወረቀት ጠምጥሜ ወረቀቱ ላይ የሚያጣብቅ ሙጫ ቀባሁ። በሚያጣብቅ ነገር ላይ ልምድ አለኝ።

ሰኔ ላይ ቡና አፍልተን አንዲት የምናከብራቸው እናት መጡ። ከሎሚው አጠገብ ባለው ማሰሮ ጤና አዳም አለን፤ ለስኒያቸው ሊቀነጥሱ ጎንበስ አሉና “ወይ፣ ወፍ አበላሽቶባችኋል” ብለው ኩሱን በጣታቸው ገፋ አደረጉት። ኩሱ ቀና አለ። ከራሱ ላይ ቀይ ብርቱካናማ፣ መንታ ቀንድ አወጣባቸው፤ ቀንዱም ይገማል።

“በስመ አብ!” ስኒው ተሰበረ።

የወፍ ኩስ መስሎ የሚኖር የትልቅ ቢራቢሮ አባጨጓሬ ኖሯል። ሎሚ ይበላል። ጤና አዳም ከሎሚ ጋር አንድ ቤተሰብ ስለሆነ እሱንም እንደ ዘመድ ቤት ገብቶ ይበላል። ዞር ብዬ ሎሚውን ሳይ ሁለት ኩስ እዚያም አሉ። ቆንጥጬ ልጨርሳቸው ስል ባለቤቴ “ቢራቢሮ ነው፣ ነውር ነው” አለች። በአምስት እሑድ ቅመላ ያዳንኩትን ዛፍ ላስበላ? በመጨረሻ ሁለቱንም በወረቀት አንሥቼ ጤና አዳሙ ላይ አሰፈርኳቸው። ሳምንት ሳይሞላ እንጨቱ ብቻ ቀረ።

አሁን እኚያ እናት ቡና ስንጠራቸው መጀመሪያ ይጠይቃሉ።

“ጤና አዳም ያለው ነው፣ የሌለው?”

“የሌለው ነው፣ እትዬ።”

“እንግዲያው መጣሁ።”