የሎሚው ተከራይ

ዘንድሮ ክረምቱን አርባ ምንጭ ቁጭ ብዬ ቢራቢሮ ልቆጥር ተነሣሁ። ክረምት ስላችሁ ጃኬትና ብርድ እንዳይታያችሁ፤ የአባያ ዳር ዋናው ዝናብ ሚያዝያና ግንቦት ወርዷል፣ ሐምሌ ላይ ሰማዩ የሚደምነው ለወጉ ያህል ነው።

ያነሣሣኝ የነጭ ሣር ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 ፓርኩ ውስጥ የሰነበቱ አጥኚዎች 69 ዓይነት ቢራቢሮ መዝግበው ነበር፤ ዝናቸው የወጣው ግን ከመንገድ ላይ ባነሧት የአንዲት የሞተች ወፍ ክንፍ ነው። በዚያች ክንፍ ብቻ በ1995 አዲስ የወፍ ዝርያ ተሰየመ። ሳይንሳዊ ስሟም «ሶላላ»፣ ብቸኛ ክንፍ ማለት ነው። እነሱ በአንድ ክንፍ ይህን ያህል ከሄዱ፣ እኔ አራት አራት ክንፍ ያለውን ይዤ የት አልደርስም ብዬ ደብተር ገዛሁ።

ከሲቀላ ወጣ ብላ ያለች መስክ ላይ የወፍ ቆሎው አብቦ ቢራቢሮ ይርመሰመስበታል። ጽፌ ቀና ስል የለም። አንዱን ሦስቴ ቆጠርኩ፣ ሦስቱን አንዴ። ከብት የሚጠብቅ ልጅ ታዘበኝና፣ «ጋሼ፣ ምን ጠፍቶብህ ነው?» አለኝ። ስነግረው ላሞቹ ወደሸኑበት እርጥብ መሬት ወሰደኝ። ነጩም ቢጫውም ተደርድሮ ጭቃ ይመጥጣል፤ አበባ የማይሰጠውን ጨው ፍለጋ ነው። ስንት ግጥም የተገጠመለትን ፍጥረት ሽንት ላይ ማግኘት ቅር ያሰኛል። ቢሆንም ረግቶ የተቆጠረልኝ እዚያ ብቻ ነው፤ 23።

ጉዱ ያለው ቤት ነው። አከራዬ እማማ ግቢ ካለችው ሎሚ ላይ የወፍ ኩስ ልጠርግ ብል፣ ኩሱ ተንቀሳቀሰ።

«እማማ፣ ይኼ እኮ ቢራቢሮ ነው።»

«ትል ነው! ሎሚዬን ጨረሰው» አሉ፣ አመድ ዘግነው።

ለምኜ አስተረፍኩት። ውሎ አድሮ አረንጓዴ ሆኖ ወፈረ። ጀርባውን ነካ ባደርገው ከአናቱ መንታ ብርቱካንማ ቀንድ አውጥቶ ሽታውን ለቀቀብኝ፤ እማማ ሳቁ። ከዚያ ራሱን በክር ከቅርንጫፍ አስሮ ደረቀ። አንድ ጠዋት ቢጫ የተረጨበት ጥቁር ቢራቢሮ ወጥቶ የተጨማደደ ክንፉን ፀሐይ ላይ ሲዘረጋ፣ እማማ የቡና ሲኒያቸውን ይዘው አጠገቤ ቆሙ።

«እሺ፣ ቆንጆ ነው» አሉ፣ እንደ መናደድ ብለው።

በሳምንቱ አንዲት ቢራቢሮ ሎሚዋን እየዞረች፣ ቅጠል በቅጠል ጭራዋን ነካ እያደረገች እንቁላል ትጥላለች። ደብተሬን ስፈልግ ከማድ ቤት ድምፅ መጣ፦

«አራት… አምስት… ጻፍ እንጂ አንተ! እያንዳንዱ ኪራይህ ላይ ይታሰባል።»