ስለ «ሜክ አፕ»፦ የአንድ ግስ ጉድለትና ሙላት

«ሜካፕ» የተባለው የእንግሊዝኛ ቃል ወደ አገራችን የዘለቀው በሁለት በር ነው። አንደኛው በር የውበት ሳሎን፣ ሁለተኛው ዩኒቨርሲቲ ነው። በመጀመሪያው ሙሽራ ትቀባዋለች፤ በሁለተኛው ደግሞ መምህሩ ሳምንቱን ሙሉ ጠፍቶ ይከርምና ቅዳሜ ጠዋት በሁለት ሰዓት ይሰጠዋል። የክፍል ተወካዩ ዓርብ ማታ በቴሌግራም «ነገ ሜካፕ አለ» ብሎ ሲለጥፍ፣ በማግስቱ ሚዜ የምትሆን ተማሪ «አውቃለሁ፣ በአሥራ አንድ ሰዓት ነው የተቀጠርኩት» ብላ ብትመልስ ሁለቱም እውነት ተናግረዋል። ጥፋቱ የእነርሱ ሳይሆን የእንግሊዞቹ ነው። ይህ ጥናት ኃላፊነቱን ወደ ምንጩ ለመመለስ የተደረገ ነው።

ምንጩ ዘንድ ጉዳዩ ከታወቀ ቆይቷል። ሳሙኤል ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1755 ለንደን ላይ ባሳተመው መዝገበ ቃላት መግቢያ፣ ከግስ ኋላ ትንሽ ቃል እየለጠፉ ትርጉሙን መለወጥ የውጭ ሰውን ከምንም በላይ የሚያስቸግር የቋንቋው ጠባይ መሆኑን አምኗል። እንዲህ ያሉትንም ግሶች በጥንቃቄ እንደመዘገበ ይናገራል። መዘገባቸው እንጂ አላስቀራቸውም። እነዚህ ግሶች ዛሬ የሚጠሩበትን «ፍሬዛል ቨርብ» የሚለውን ስም ያስተዋወቀው ሎጋን ፒርሳል ስሚዝ ነው፤ ያስተዋወቀበትን መጽሐፍ ያወጣው በ1925 ነው። በሽታው በታወቀ በ170 ዓመቱ ስም ወጣለት ማለት ነው። ስሚዝ ደግሞ ስሙን ያቀበለኝ ሄንሪ ብራድሌይ ነው ብሎ ወደ ሌላ ሰው ጠቁሟል። እንዲህ ላለ ልጅ ማን አባት መባል ይፈልጋል?

ወደ ግሱ እንግባ። «ሜክ» መሥራት ነው፤ «አፕ» ወደ ላይ ነው። ሁለቱን ደምሮ «ወደ ላይ መሥራት» የሚል ትርጉም ያወጣ ተማሪ ፎቅ ሊገነባ ይችላል፣ ፈተና ግን አያልፍም። እንግሊዞች በዚህ ግስ አልጋ ያነጥፋሉ፣ መድኃኒት ይቀምማሉ፣ ጨርቁን ቀሚስ አድርገው ይሰፉበታል፣ ሊጠፋ በደረሰ ምድጃ ላይ ከሰል ይጨምሩበታል። ማተሚያ ቤት የጋዜጣ ገጽ ያሰናዱበታል። ለካርታ ጨዋታ ሦስት ሰዎች ተቀምጠው አራተኛ ሲጠፋ፣ መንገድ ላይ የተያዘው ምስኪን የሚገባው በዚሁ ግስ ነው። ሐሳባቸውንም ቁርጥ የሚያደርጉት በዚሁ ነው፤ እኛ ስንወስን እንቆርጣለን፣ እነርሱ ሲወስኑ ይገጣጥማሉ። አልጋውና አእምሮው በአንድ ግስ የሚነጠፉ መሆናቸው፣ ሁለቱም በየሌሊቱ እንደሚበተኑ ከማመን የመጣ ሳይሆን አይቀርም።

እስካሁን ያየነው ቀላሉ ነው። አጥኚውን እንቅልፍ የነሳው «ዘይ ሜድ ኢት አፕ» የምትለዋ ዓረፍተ ነገር ናት። ሁለት ሰዎች ይህን አደረጉ ከተባለ ወይ ታርቀዋል፣ ወይ ነገሩን ፈጥረው አውርተዋል። የግሱ ጊዜ አንድ፣ ተውላጠ ስሙም አንድ፣ ድምፁም አንድ ነው። ባልና ሚስት ተኳርፈው ከሰነበቱ በኋላ ጎረቤት ይህን መልስ ቢሰማ ምን ያድርግ? እንኳን ደስ ያላችሁ ይበል ወይስ ጠቡ ከመጀመሪያውም ውሸት ኖሯል ብሎ ይቀየም? ፍርድ ቤት ቆሞ ይህችን ዓረፍተ ነገር የተናገረ ምስክር፣ ተከሳሾቹን በአንድ ትንፋሽ ታራቂም ሐሰተኛም ሊያደርጋቸው ይችላል።

ሌላ ተመራማሪ ቢሆን ይህን የቋንቋ ድህነት ይለው ነበር። እኔ ግን ጥበብ ነው እላለሁ። ጥቂት ፈጠራ ያልገባበት ዕርቅ የት አለ? «እኔ እኮ እንደዚያ ማለቴ አልነበረም» ሳይል የታረቀ ሰው ይቅረብ። በእኛ ዘንድ ለዚህ ሥራ ሽማግሌ ይላካል። ሽማግሌዎቹ በሁለቱ ቤት መካከል ሲመላለሱ የተባለውን ሁሉ እንደወረደ አያደርሱም፤ «ልጃችሁ በጣም ተጸጽቷል» ሲሉ ልጁ ገና ጥርሱን እያፋጨ ነው። እዚያኛው ቤትም «እርሷም እኮ ስታለቅስ አገኘናት» ይላሉ፤ ያገኟት ሽንኩርት ስትከትፍ ነው። ሁለቱ ወገኖች ይህን እየሰሙ ይለዝባሉ፣ ይሳሳማሉ። ታዲያ ታረቁ ነው የሚባለው ወይስ ተፈጠረላቸው? እንግሊዞች ጥያቄውን ሳይመልሱ በአንድ ግስ ዘግተውታል፤ ለሽማግሌዎች ምሳና ጠላ የሚወጣውንም ወጪ አትርፈዋል።

ፊት ላይ የሚቀባው ትርጉም ዘግይቶ የመጣና የተዋናዮች የነበረ ነው። ወጣቱ ተዋናይ ሽማግሌ ሆኖ መድረክ ሊወጣ ሲል ፊቱን «ሜክ አፕ» ያደርጋል፤ ጨዋ የሚባሉ ሴቶች ግን ቃሉን ለራሳቸው አያውሉትም ነበር። ፖላንድ ተወልዶ በ1904 ወደ አሜሪካ የተሻገረው ማክስ ፋክተር፣ ለሆሊውድ ተዋናዮች ቅባት ሲቀምም ቆይቶ በ1920ዎቹ ለሌላውም ሰው በዚሁ ስም ሸጠለት። ኦስካር ለሙያው ቋሚ ዘርፍ የከፈተው ደግሞ በ1981 ለወጡ ፊልሞች ነው። የመጀመሪያው ተሸላሚ ሪክ ቤከር የተሸለመው ሰውን ተኩላ አድርጎ ነው። ሙሽሮቻችን ይህን ከሠርጋቸው በፊት ባይሰሙት ይመረጣል።

ከዚህ ሁሉ በመነሣት «የጎደሎ ንድፈ ሐሳብ» የተባለውን ግኝት አቀርባለሁ፤ «ሜክ አፕ» የጎደለ ነገር ባለበት ሁሉ የሚጠራ ግስ ነው። ካርታ ተጫዋች ጎደለ፣ ከሰል ጎደለ፣ ቅንድብ ጎደለ፣ እውነት ጎደለ፣ ፍቅር ጎደለ፤ ግሱ ከተፍ ይላል። ለንድፈ ሐሳቡ ከሁሉ የጠነከረው ማስረጃ የቅዳሜው ትምህርት ነው። የጎደለው ክፍለ ጊዜ ይሞላል፤ ሦስት ምዕራፍ በአንድ ጠዋት ያልፋል። ላልመጡት ተማሪዎች ጓደኞቻቸው አቴንዳንስ ላይ ይፈርሙላቸዋል፤ ስለዚህ የሜካፑ አቴንዳንስ ራሱ ሜድ አፕ ነው። ከኋላ ወንበር ሁለት የተኳረፉ ተማሪዎች ኖት ለመዋዋስ ሲሉ ይታረቃሉ። የግሱ ዋና ዋና ትርጉሞች በአንድ አዳራሽ የሚሰበሰቡበት ሌላ ሁኔታ ስለ መኖሩ እጠራጠራለሁ።

ንድፈ ሐሳቡን የሚፈታተን አንድ አጠቃቀም አለ፤ አለቃን ማቆላመጥም «ሜክ አፕ ቱ» ይባላል። ፈተናው ግን ለአፍታ ነው። የሚያቆላምጠው ሰው ምን እንደጎደለው የደመወዝ ክፍሉ ያውቃል።

የቀረው የሊቨርፑል ሰዎች ጉዳይ ነው። እነርሱ «አይ አም ሜድ አፕ» ሲሉ ደስታዬ ወሰን የለውም ማለታቸው ነው። ለሌላው እንግሊዝ ይኸው ንግግር «ተቀብቻለሁ» ወይም «የፈጠራ ሰው ነኝ» ሊመስለው ይችላል። በእኛ ንድፈ ሐሳብ ግን ነገሩ ግልጽ ነው፤ የተደሰተ ሰው ምንም ያልጎደለበት ነው። ትርጉሙን በመስክ ለማጣራት እስከ ሊቨርፑል መሄድም አያሻም፤ የክለቡ ደጋፊዎች አዲስ አበባ ውስጥ ኳስ በሚታይባቸው ቤቶች ሁሉ ሞልተዋል። ሆኖም የማንችስተር ዩናይትድና የአርሰናል ማሊያም ቀይ ስለሆነ፣ ናሙና ሲመረጥ ጥንቃቄ ያስፈልጋል።