ዓሣን በብርጭቆ የማኖር ጥበብ

በአሜሪካ የቤት እንስሳት መሸጫ ገብቶ የሚያውቅ ሰው አይቷቸዋል። ከሒሳብ መክፈያው ብዙም ሳይርቅ የማኪያቶ ኩባያ የሚያህሉ የፕላስቲክ ዕቃዎች ተደራርበዋል። በእያንዳንዱ ውስጥ ጥቂት ጉንጭ የሚሆን ውሃ አለ፤ በውሃው ውስጥ ደግሞ ጭራው የተንዠረገገ፣ ቀለሙ ዓይን የሚያጭበረብር አንድ ቤታ ዓሣ አለ። ዋጋው ክዳኑ ላይ ተለጥፏል። አንዳንዱ ዓሣ ይንቀሳቀሳል፤ አንዳንዱ ተጋድሟል። ተኝቶ ይሁን ሞቶ ለመለየት ኩባያውን ነቅነቅ ማድረግ ስለሚያስፈልግ አላፊ አግዳሚው ሁሉ ነቅነቅ እያደረገ ያልፋል። ይህን የመሰለ ሥልጣኔ በአማርኛ ሳይመሰገን መቅረቱ ያሳዝናልና ውለታውን እኔ ልመልስ።

ምስጋናዬ ከሒሳቡ ይጀምራል። ተራው ቤታ ከአንድ ሳንድዊች ባነሰ ዋጋ ይሸጣል። ታዲያ ከምሳ ለረከሰ ፍጡር ከጫማ የተወደደ ቤት ማን ይገዛል? መኖሪያ በነዋሪው ዋጋ ልክ ይሠራል፤ አለቀ። በዚህ ስሌት ከእንስሳት መጠለያ በነፃ ያመጣነው ውሻ ደጅ ማደር ነበረበት። ውሻ ግን ይጮኻል፣ ጎረቤትም ይሰማል። የቤታ ትልቁ ስጦታው ድምፅ የሌለው መሆኑ ነው።

ዓሣው ትውልዱ ከታይላንድ ነው። የያኔዋ ሲያም ንጉሥ ሣልሳዊ ራማ እ.ኤ.አ. በ1840 ጥቂቱን ቴዎዶር ካንቶር ለሚባል ሐኪም በስጦታ እንደሰጡት ይተረካል። በ1910 ቴት ሪጋን የተባለው የእንግሊዝ ተመራማሪ ቤታ ስፕሌንደንስ የሚለውን ሳይንሳዊ ስሙን አወጣለት። በ2019 ደግሞ የታይላንድ መንግሥት ብሔራዊ የውሃ እንስሳ አድርጎ አወጀው። ንጉሥ በእጁ የሚሰጠው፣ መንግሥት የሚያውጅለት እንስሳ እኛ ዘንድ ሲደርስ ከማስቲካ ጎን ተደረደረ። ዲሞክራሲ ማለት ይኼ ነው።

የኩባያው ሊቃውንት ትልቁ ማስረጃቸው «ቤታ እኮ ጠባብ ቦታ ይወዳል» የሚል ነው። በአገሩ የሚኖረው በሩዝ ማሳ፣ በረግረግና በቦይ ውስጥ ነው፤ ውሃው ጥልቀት የለውም፤ በጋ ላይም ይጎድላል። እስከዚህ ድረስ እውነታቸውን ነው። ከዚህ በኋላ ያለው ዝላይ ግን አድናቆት ይገባዋል፤ በእነሱ መዝገብ ጥልቀት የሌለው ውሃ ስፋትም የለውም። ክረምት ላይ የፎገራን የሩዝ ሜዳ ያየ ሰው የሩዝ ማሳ ኩባያ ያህላል ብሎ ለመሟገት ትንሽ ይቸገራል። የዱሩ ወንድ ቤታ በሣሩና በቅጠሉ መሐል ግዛቱን ይዞ፣ የትንኝ እጭ እያደነ፣ የመጣበትን ወንድ እያባረረ ይኖራል፤ ተሸናፊው መሸሻ ስላለው ጠቡም ብዙ ጊዜ ቶሎ ይበርዳል። በጋ ገብቶ ውሃው ሲጎድልበት በቀረችው ነፍሱን ያቆያል። የኩባያ ወዳጆች ይህችኑ የመከራ ወቅት ብቻ ለይተው «አያችሁ፣ ምርጫው ነው» ይላሉ። እንዲህማ ከሆነ ጎርፍ መጥቶበት ጣሪያ ላይ ያደረ ሰው ጣሪያ ይወዳልና ከእንግዲህ ቤት አይሠራለት።

ሁለተኛው ማስረጃ ሳይንስ ቀመስ ነው። ቤታ ከስንጥቡ ሌላ ላቢሪንት የሚባል መተንፈሻ አካል አለው፤ ወደ ውሃው ገጽ ብቅ እያለ አየር ይጎርሳል። ስለዚህ ኦክስጅን ባነሰው ውሃ ውስጥ ሌላው ዓሣ ሲያልቅ እሱ ይሰነብታል። ከዚህም «ማጣሪያ አያስፈልገውም» የሚል ድምዳሜ ተገኘ። ዓሣው የሚያስወጣው አሞኒያ ግን በዚያች ጥቂት ውሃ ውስጥ መሄጃ የለውም፤ ተመልሶ የራሱን ስንጥብ ይለበልበዋል። ባለቤቱም አዛኝ ነውና በሳምንት አንዴ ውሃውን ሙልጭ አድርጎ ይደፋና ክሎሪን ያለበትን ቀዝቃዛ የቧንቧ ውሃ ይሞላለታል። ዓሣው ስድስት ቀን ሲመረዝ ሰንብቶ በሰባተኛው ቀን ይደነግጣል። የሚያርፍበት ቀን አልተጻፈለትም።

ከኩባያም የላቀው ፈጠራ የአበባ ማስቀመጫው ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ አሜሪካን አጥለቅልቆ ነበር፤ ዛሬም በቢሮ ጠረጴዛና በሠርግ አዳራሽ ብቅ ይላል። አሠራሩ ቀላል ነው። አንገተ ጠባብ የመስታወት ማስቀመጫ ታመጣላችሁ። ከታች የተወለወለ ድንጋይ ትጨምራላችሁ። ዓሣውን ትለቁበታላችሁ። ከዚያ ፒስ ሊሊ የምትባለውን ነጭ አበባ ያላትን የሳሎን ተክል፣ ሥሯ ውሃው ውስጥ እንዲንጠለጠል አድርጋችሁ አፉ ላይ ትወትፋላችሁ። ሻጩም ያበሥራችኋል፤ ዓሣው ሥሩን ይበላል፣ ተክሉ የዓሣውን ቆሻሻ ይበላል፣ እናንተ ምንም አታደርጉም። ምንም የማያደርግ ሰው ተፈጥሮ ወዳድ ተብሎ የሚመሰገንበት ሌላ ሙያ ካለ ንገሩኝ፤ ነገ እመዘገባለሁ።

እንከኑ አንድ ብቻ ነው፤ ቤታ ሥር አይበላም። ሥጋ በል ነው። አፉ ወደ ላይ የተቀለበሰውም ውሃው ገጽ ላይ የሚያርፉትን ነፍሳት እንዲለቅም ነው። ሥሩን ሲነክስ ከታየ ርቦት ነው። አየር ሊጎርስ የሚወጣበትን አፍ ደግሞ ተክሉ ሞልቶታል። ስለዚህ ማስቀመጫው ዓሣው የሚኖርባቸውን ሁለት ነገሮች፣ ምግቡንና አየሩን፣ በአንድ ውብ ዕቃ ነፍጎታል ማለት ነው። ቢሆንም እንግዶች «እንዴት ያምራል!» ይላሉ፤ ማማሩንማ ያምራል። በሠርጉ ማታ ሙዚቃው ጠረጴዛውን ሲያንቀጠቅጠው እሱም አብሮ ይደንሳል፤ ሙሽሮቹ ወደ ጫጉላቸው ሲሄዱ እሱ ከተራረፈው ኬክ ጋር ይጠረጋል።

ይህ ጥበብ ያልገባቸው የሮም ከተማ ሹማምንት በ2005 ዓሣን በክብ ብርጭቆ ማኖርን ደንብ አውጥተው ከልክለዋል። ጣሊያን ለአያቶቻችን ያልራራውን ለዓሣ ራራ፤ እንግዲህ ምን ይባላል፣ የዕድል ጉዳይ ነው።

የኩባያ ዓሣ ሌላው የሚመሰገንበት ጠባዩ ጨዋነቱ ነው። ቤታ የሐሩር አገር ዓሣ በመሆኑ የሚስማማው ከ24 እስከ 28 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሞቀ ውሃ ነው። በጥር ወር፣ ቅዳሜና እሑድ ማሞቂያው በሚቀነስበት የዋሽንግተን ቢሮ ውስጥ ግን ታች ወለሉ ላይ ተለጥፎ ይውላል። «እንዴት ያለ ጸጥተኛ ነው!» ይባልለታል። በብርድ ደንዝዞ መሆኑን መናገር ወሬ ማበላሸት ነው። ጸጥታው ሲሰለቸን መስታወት እናስጠጋለታለን፤ ጠላት የመጣበት መስሎት ስንጥቡን ገልብጦ፣ ክንፉን ዘርግቶ ይፎክራል፤ እኛ እንስቃለን። አንዳንዴም ውሃው ገጽ ላይ የአረፋ ጎጆ ይሠራል። «ደስ ብሎት እኮ ነው!» ይላሉ ባለ ኩባያዎቹ። ወንድ ቤታ ጎጆ የሚሠራው ለመራባት ነው፤ እንቁላሉ ሲወድቅ በአፉ እየለቀመ ወደ ጎጆው የሚመልሰው፣ የሚጠብቀውም አባትየው ነው። በደመ ነፍስ ስለሚሠራው በመጥፎ ውሃም ይሠራዋል። ሚስት በማትመጣበት ኩባያ ጎጆ የሚቀልስን አባወራ ደስተኛ ነው ማለት የልብ ድፍረት ይጠይቃል።

በዚህ ሁሉ ጥበብ መሐል የሜሪላንዱ ጎረቤቴ አሳፈሩን። በዕድሜ ስለሚበልጡኝ ጋሼ እላቸዋለሁ፤ ታክሲ ሲነዱ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል። የልጅ ልጃቸው ቤታ አማራት። ሌላ አያት ቢሆን ኩባያውን ከነዓሣው ገዝቶ፣ ልጅቱን አስደስቶ፣ ለምሳ ይደርስ ነበር። እሳቸው 19 ሊትር የሚይዝ፣ እዚህ አምስት ጋሎን የሚባለውን ገንዳ ገዙ። ጠጠር አነጠፉ፣ ማሞቂያ ሰቀሉ፣ ስፖንጅ ማጣሪያ አስገቡ፣ ተክል ተከሉ። ከዚያስ? ከዚያማ ቁጭ ብለው ዓሣ የሌለበት ውሃ ያዩ ጀመር።

«ጋሼ፣ ዓሣው የታለ?»

«ገና ነው።»

«ምን እየጠበቁ ነው?»

«ባክቴሪያው ይግባ እንጂ! አንተ ልጅ፣ ቤቱ ሳይሰናዳ እንግዳ ይጠራል እንዴ?»

ነገሩ ወዲህ ነው። አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱን ደግሞ ብዙም ወደማይጎዳው ናይትሬት የሚለውጡ ባክቴሪያዎች አሉ። እነሱ በስፖንጁና በጠጠሩ ላይ እስኪበረክቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። ጋሼ ለባክቴሪያዎቹ ቀለብ እንዲሆን አሞኒያ በጠብታ እየሰጡ፣ ውሃውን በመመርመሪያ እየለኩ፣ ውጤቱን በደብተር እየጻፉ ጠበቁ። የደም ግፊታቸውን እንኳ እንዲህ አይለኩም። አሞኒያውም ናይትራይቱም ዜሮ ሲል ነው ዓሣው የሚመጣው። ሰው እንዴት ባዶ ውሃ እየጠበቀ ከወር በላይ ይቀመጣል? እኛ እኮ ስልካችን ለመክፈት ሁለት ሴኮንድ ሲዘገይ የምንቆጣ ሰዎች ነን።

የተክሉ ጣጣ ደግሞ ብቻውን ሌላ ወሬ ነው። በየመደብሩ የማይሞት፣ የማያድግ፣ እንደ ሰርከስ ድንኳን ያሸበረቀ የፕላስቲክ ተክል ሞልቷል። ጋሼ አንዱን አንሥተው በሴት ስቶኪንግ ላይ ጎተቱት፤ ክሩን ያዘው። «ይኼን ከቀደደ ጭራውንም ይቀድዳል» ብለው መለሱት። ሻጩ ያያቸውን አስተያየት ባያችሁ! ከዚያ ትውልዱ ከምዕራብና ከመካከለኛው አፍሪካ የሆነውን አኑቢያስ፣ ከደቡብ ምሥራቅ እስያ የመጣውን ጃቫ ፈርን ገዙ። ሁለቱም ብዙ ብርሃን አይጠይቁም። ሥር የሚወጣበት አግዳሚ ግንዳቸው ጠጠር ውስጥ ከተቀበረ ግን ስለሚበሰብስ በጥጥ ክር ከእንጨት ጋር አሰሯቸው። ክሪፕቶኮራይን የተባለውን ጠጠሩ ውስጥ ተከሉት፤ ወዲያው ቅጠሉ ሟሙቶ አለቀ። እኔ በሳቅ ሞትኩ። እሳቸው ሥሩን ሳይነኩ ተዉት፤ አዲስ ቦታ ሲተከል ቅጠሉን አራግፎ እንደገና የሚያበቅል ተክል ነው አሉኝ፤ ቆይቶም አበቀለ። ከላይ ተንሳፋፊ ቅጠል ለቀቁበት፤ ቤታ ጥላ ይወዳል። ታች የደረቀ የትሮፒካል ለውዝ ቅጠል ጣሉበት፤ ውሃው ሻይ መሰለ። መብራቱን በቀን ከስምንት ሰዓት በላይ አያበሩም፤ አለዚያ አልጌ ይወርረዋል። ዓሣው ስለሚዘል ክዳን ገጠሙለት። የማጣሪያውንም አየር ቀነሱት፤ ያንን ሁሉ ጭራ ተሸክሞ ከሞገድ ጋር መታገል አይችልም።

ውጤቱ ምን ሆነ? ዓሣው ጠፋ! ገንዘብ የተከፈለበት ዓሣ ከእንጨቱ ሥር ይገባል፣ በጃቫ ፈርኑ መሐል ያልፋል፣ ሲደክመው ሰፊ የአኑቢያስ ቅጠል ላይ ጋደም ይላል። የልጅ ልጃቸው ከትምህርት ቤት ስትመጣ ቦርሳዋን ሳትጥል ፍለጋ ትጀምራለች። በኩባያ ቢሆን ኖሮ የት ይሄድባት ነበር? ይባስ ብሎ ጋሼ ከባለ ኩባያዎቹ ያነሰ ይለፋሉ። ቆሻሻውን ባክቴሪያውና ተክሉ ስለሚካፈሉት በሳምንት አንዴ ሩብ ያህሉን ውሃ፣ ክሎሪኑን በጠብታ አክሽፈው ይለውጡና ቡናቸውን ይጠጣሉ። ይህንን ለባለ ኩባያዎቹ አትንገሩብኝ፤ ስንፍናም በወጉ ሲያዝ ዕውቀት እንደሚፈልግ ከሰሙ ይከፋቸዋል።

ተክል ወዳዶቹም ቢሆኑ ሁሉም ቅዱሳን አይደሉም። ገንዳው ሲሞላባቸው ትርፉን ተንሳፋፊ ቅጠል «ወደ ተፈጥሮው ይመለስ» ብለው ሰፈር ያለ ወንዝ ውስጥ የሚደፉ አሉ። እምቦጭም ከደቡብ አሜሪካ ወጥቶ ዓለምን የዞረው አበባው አምሮ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ጣናን ምን እንዳደረገው ለአማርኛ አንባቢ አይነገርም። ለጣና ገንዘብ እያዋጣ የሜሪላንድን ወንዝ በገንዳ ትራፊ የሚባርክ ሰው ካለ፣ ለሚቀጥለው መዋጮ ከወዲሁ ይዘጋጅ። ትርፉ ደርቆ ወደ ቆሻሻ መጣያ ነው የሚሄደው።

ወደ ኩባያው ስንመለስ፣ ለልጆች ትምህርት ይሰጣል የሚሉም አሉ። ልክ ነው። ማክሰኞ ጠዋት ዓሣው ተንሳፍፎ ይገኛል። አባት ልጁ ከትምህርት ቤት ሳይመለስ ሮጦ በቀለም የሚመሳሰለውን ይገዛል፤ የፊተኛው ሽንት ቤት ውስጥ ይሸኛል። ልጁ ዓሣ የማይሞት እንስሳ መሆኑን እያመነ ያድጋል። ከመጣም ጥያቄ፣ ሻጩ «እነሱ እኮ ዕድሜያቸው አጭር ነው» ይላል። በወጉ የተያዘ ቤታ ሦስት ዓመት ገደማ ይኖራል፤ ሻጩ ግን አልዋሸም፤ አሳጥሮ ነው የሚሸጠው።

ዓሣ የመግዛት ግዴታ ያለበት ሰው የለም። ጠረጴዛችሁ ላይ ውበት ካማራችሁ ፒስ ሊሊዋ አፈር ባለው ማሰሮ ብቻዋን ትበቃለች። ቤታ ካማራችሁ ግን እባካችሁ መጀመሪያ ገንዳውን፣ ማሞቂያውን፣ ስፖንጁንና አንድ ሁለት አኑቢያስ ግዙ። ወር ተኩል ታገሡ። ዓሣው ከዚያ በኋላ ይመጣል።