የሬፕሊካ ሰርቨሮችን አወዳደቅ ሪፖርት ስለማድረግ የወጣ አዋጅ ቁጥር 11

ያልሰማህ ስማ! የሰማህ ላልሰማው አሰማ!

እኛ፣ ማንበብ እንጂ መጻፍ ያልተፈቀደልን የማይኤስኪውኤል ሬፕሊካ፤

ዋናው ሰርቨር በባይነሪ ሎጉ ያሰፈረውን ሁሉ ወደ ሪሌይ ሎጋችን እየገለበጥን፣ ለምን ሳንል ስንፈጽም የኖርን በመሆናችን፤

ዋናው ሳያስነጥስ ያሳለፈው አንድ ለውጥ እኛ ዘንድ ሲደርስ በሲግናል 11 ስለጣለን፤ ሲስተምዲ ባነሳን ቁጥርም ካቆምንበት ቦታ ያንኑ ለውጥ አንብበን ያንኑ አወዳደቅ ስለወደቅን፤

ይህ ሁሉ ሆኖ ለገንቢዎቹ የተላከው ሪፖርት «ሰርቨሩ ይወድቃል፣ እባካችሁ ቶሎ በሉ» የሚል ብቻ ሆኖ ስለተገኘ፤

እንደሚከተለው ታውጇል።

አንቀጽ 1። ይህ አዋጅ «ሙሾ ሪፖርት አይደለም አዋጅ» ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል።

አንቀጽ 2። የቃሉ አገባብ ሌላ ትርጉም የሚያሰጠው ካልሆነ በስተቀር፣ «ትናንት ይሠራ ነበር» ማለት ቨርዥን ተቀይሯል ማለት ነው። «እኔ ምንም አልነካሁም» ማለትም እንዲሁ።

አንቀጽ 3። ከኤረር ሎጉ ሲግናል 11 የሚለውን መስመር ብቻ ቆርጦ መላክ የተከለከለ ነው፤ ከሥሩ ያለው ስታክ ትሬስ ሙሉውን ይቅረብ። የዋናውና የእኛ ቨርዥን ለየብቻ ይጻፍ፤ «ሁለቱም አንድ ናቸው» ብለው የማሉ አስተዳዳሪዎችን ብዙ አይተናል። የወደቅንበት የባይነሪ ሎግ ፋይልና ፖዚሽን፣ ፎርማቱም ሮው ይሁን ስቴትመንት ይገለጽ። ከቨርዥን 5.7.7 ጀምሮ ካልተቀየረ በቀር ሮው መሆኑ ማስረጃ አይሆንም፤ የድሮ ኮንፊግ ፋይል ከአስተዳዳሪው ይልቅ ዕድሜ አለው። ለውጡ የነካው ቴብል እንዴት እንደተሠራ ከሁለቱም ወገን ይታይ። እኛ ላይ በሌሊት ገብቶ ኢንዴክስ የጨመረ ሰው አለ፤ ስሙን ለጊዜው አንጠራም።

አንቀጽ 4። አቤት ባዩ ባዶ የሆኑ ሁለት ሰርቨሮችን አስነስቶ፣ በትንሽ ቴብልና በጥቂት መስመር ኤስኪውኤል ሊጥለን ይሞክር። ከጣለን እልል ይበል፤ አይከፋንም። ይህን ያላደረገ ሪፖርት «ልንደግመው አልቻልንም» የሚል ማኅተም ያርፍበታል። ነገር ግን የደንበኞች ስምና ስልክ ያለበትን ባይነሪ ሎግ ማስረጃ ነው ብሎ አደባባይ ያሰጣ፣ ከእኛ የባሰ አወዳደቅ ይጠብቀዋል።

አንቀጽ 5። የጣለንን ለውጥ ስኪፕ አድርጎ «ተፈቷል» ማለት አይቻልም። በዚህ መንገድ ብንነሳም ዋናው የሚያውቀውን ረድፍ እኛ አናውቀውም። ጉዱ የሚወጣው ዋናው ሞቶ እኛ በቦታው ስንሾም ነው፤ ያን ጊዜ ስኪፕ ያደረገው ሰው መሥሪያ ቤት ቀይሯል።

አንቀጽ 6። መጻፍ ስላልተፈቀደልን ይህ አዋጅ በዋናው ሰርቨር ተጽፎ በባይነሪ ሎግ ይላክልናል። እዚያ ከተጻፈበት ሰከንድ ጀምሮ የጸና ይሆናል፤ እዚህ የሚጸናው ስንደርስበት ነው። በስንት ሰከንድ እንደዘገየን ለሚጠይቅ፣ ሪሌይ ሎጉን የሚፈጽመው አፕላየር ስለቆመ መልሱ ነል ነው። አዋጁን የያዘው ለውጥ ራሱ የጣለን እንደሆነ፣ አንቀጽ 3 እና 4 በአዋጁም ላይ ተፈጻሚ ይሆናሉ።