«ወጣሁ» ስለሚለው ግስ፤ በደብረ ዳሞ ገመድ ሥር የተደረገ ምርምር

የቋንቋችን ሊቃውንት በግስ አረባብ ብዙ ቢደክሙም፣ «ወጣሁ» የሚለው ቃል ከአዲግራት ወደ አክሱም በሚወስደው መንገድ፣ በደብረ ዳሞ አምባ ግርጌ ምን ዓይነት ጠባይ እንደሚያመጣ ሳይመረምሩ ማለፋቸው የሚያሳዝን ነው፤ ስለዚህ የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ በገዛ ወገቡ ላይ ፈተናውን አድርጎ፣ ያየውንና የሰማውን እንደሚከተለው ያቀርባል።

አስቀድሞ ስለ መንገዱ። መንገድ መሪው ስለ ርቀት ሲጠየቅ በአገጩ ወደ አምባው ጠቁሞ «ቅርብ ናት» ይላል፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሲጠየቅም ያንኑ ስለሚደግም፣ «ቅርብ» የርቀት ሳይሆን የማጽናኛ መስፈሪያ መሆኑን እንረዳለን። እስከዚህ ድረስ ግሱ ጤነኛ ነው፤ መንገደኛው በእግሩ ስለ ሄደ «ሄድኩ» ቢል ሐሰት የለበትም።

ሕመሙ የሚጀምረው ከዐለቱ ሥር ነው። 15 ሜትር ያህል ቀጥ ብሎ ከቆመው ገደል ሁለት ገመድ ይወርዳል፤ አንደኛው ከቆዳ የተጎነጎነ፣ በእጅ የሚያዝ ወፍራም ጠፍር ሲሆን፣ ሁለተኛው በወገብ የሚታሰረውና የአምባው ገዳም መነኮሳት ከላይ የሚስቡት ነው። እንዲህ ያለውን የቆዳ ገመድ ባላገር መጫኛ ይለዋል፤ ቃሉ «ጫነ» ከሚለው የወጣ ስለሆነ፣ በእርሱ የሚወጣው ሁሉ ምን ሊባል እንደሚገባው ሰዋስው ራሱ ይመሰክራል፤ ሆኖም እስከ ዛሬ ራሱን ጭነት ብሎ የጠራ ወጪ አላጋጠመንም።

አዘጋጁ ቀኝ እግሩን የብዙ ዘመን ተረከዝ በፋቃት ጉድጓድ ካኖረ በኋላ፣ ግራ እግሩ ማደሪያ አጥቶ በአየር ላይ ሲንከራተት፣ ፊቱ የማይታይ መነኩሴ ከላይ በትግርኛ «ኣጆኻ!» (አይዞህ) አለው፤ ወዲያውም ወገቡ ከፈቃዱ ቀድሞ ወጣ።

ይህን ኩነት እንደ አበው ሥርዓት በአንድምታ ብንፈታው፣ «ወጣሁ» ማለት፦ በክንዴ ብርታት ወጣሁ ማለት ነው፤ አንድም፦ መነኮሳት ስበው አወጡኝ ማለት ነው፤ አንድም፦ ዓይኔን ጨፍኜ ስለ ነበር እንዴት እንደ ወጣሁ አላውቅም ማለት ነው። የመጀመሪያው ትርጓሜ በወጪዎች ዘንድ የጸና ነው። ሁለተኛውን ሴቶች ይደግፉታል፤ ወደ አምባው መውጣት ስላልተፈቀደላቸው ከግርጌ ሆነው ነገሩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይመለከታሉና፣ ከእነርሱ የበለጠ የታመነ ምስክር የለም፤ ነገር ግን የሚጠይቃቸው አይገኝም። ሦስተኛው የሚነገረው ከጠላ በኋላ ብቻ ነው።

ከሁሉ የሚደንቀው፣ ያው ሰው በዚያው ገመድ በዚያው ወገቡ ሲመለስ፣ «ወረድኩ» ማለቱን ትቶ «አወረዱኝ፤ ገመዱንም እጅግ አላሉብኝ» ማለቱ ነው። እንግዲህ ግሱ ወደ ላይ ሲሆን የራስ፣ ወደ ታች ሲሆን የሌላ ይሆናል ማለት ነው፤ ይህም ሕግ ከአምባው ውጭ፣ በሹመትና በሽረት ዘንድም የታወቀ ነው።

ነገሩ እንዲህ የተወሳሰበው ደረጃ በመታጣቱ ነው። ንጉሥ ገብረ መስቀል በአምባው አናት ያለውን ቤተ ክርስቲያን ሲያሠሩ በ6ኛው መቶ ዘመን ያቆሙት መወጣጫ እንደ ነበረ፣ ሥራው ሲፈጸም ግን አቡነ አረጋዊ እንዲፈርስ እንዳዘዙ ይተረካል።

ከተሰዓቱ ቅዱሳን አንዱ የሆኑት እኒሁ ጻድቅ ራሳቸው አምባውን እንዴት እንደ ወጡ ትውፊት ሲናገር፣ ዘንዶ ጠምጥሞ አወጣቸው ይላል፤ በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ባለቤቱ ዘንዶው፣ ተሳቢው ጻድቁ ናቸው። ሰዋስውና እውነት እንዲህ የተስማሙበት ሌላ ምሳሌ አላገኘንም። የዚህ ጥናት አዘጋጅም ነገሩን ሁሉ እንዲህ አጥርቶ ከተረዳ በኋላ፣ ወገቡ ገና እንደ ታመመ፣ ለዘመዶቹ በጻፈው ደብዳቤ «ደብረ ዳሞን ወጣሁት» በማለት ተራራውን ተሳቢ አድርጎታል።