ካምቢዮው ከወረደ በኋላ

ነዳጅ ሲወደድ ከፈልን። ጎማ ሲወደድ ከፈልን። ዘይቱም፣ ቦሎውም፣ ሦስተኛ ወገኑም ሲጨምር «ምን ይደረግ» እያልን ከፈልን። ፍሪሲዮን ሲያልቅ ግን ዝም ብሎ መክፈል አቃተን። ፍሪሲዮን ገንዘብ ብቻ በልቶ አይተውም። ቀን ይበላል፣ የተራ ወረፋ ይበላል፣ ከመካኒክ ጋር ለዓመታት የቆየ ወዳጅነት ይበላል። ከደምበጫ እስከ ቡሬ፣ ከጅጋ እስከ ሽንዲ ሚኒባስ ያለው፣ አይሱዙ ያለው፣ ባጃጅ በቀን ገቢ የያዘው ሁሉ ያውቀዋል። መኪና የሌለውም ያውቀዋል፤ ዳገት መሐል ውረዱ ተብሎ ልጁን አዝሎ፣ ዶሮውን አንጠልጥሎ በእግሩ የጨረሰው እሱ ነው።

ነገሩ በአንድ ቀን አይመጣም። መጀመሪያ ሞተሩ ይጮሃል፣ መኪናው ግን ባለበት ነው። ቀጥሎ ፔዳሉ ከፍ ብሎ መያዝ ይጀምራል። ከዚያ ያ ሽታ ይመጣል፤ የተቃጠለ ሸራ ሽታ፣ አፍንጫ ውስጥ ገብቶ እስከ ማታ የማይወጣ። ተሳፋሪው መስኮት ይከፍታል። ረዳቱ «የፊተኛው መኪና ነው» ይላል። ሾፌሩ ዝም ይላል፤ የማን እንደሆነ ያውቃል።

ለምን ቶሎ ያልቃል? የፍሪሲዮኑ ሸራ በቮላኖውና በስፒንጂ ዲስኮው መካከል ተጨምቆ የሞተሩን ጉልበት ወደ ካምቢዮ የሚያሻግር ክብ ነገር ነው። ፔዳሉ ሲረገጥ ይላቀቃል፣ ሲለቀቅ ይያያዛል። በግማሽ ተይዞ ሲቆይ ይንሸራተታል፣ ሲንሸራተት ይግላል፣ ሲግል ያልቃል። የእኛ መንገድ ደግሞ ከግማሽ ፍሪሲዮን አያስወጣም። ኬላ ላይ ትንሽ ፈቀቅ፣ ቁም፣ ትንሽ ፈቀቅ፣ ቁም። ማደያ ወረፋ ላይ እንደዚያው። ከብት መንገዱን ሲሞላ እንደዚያው። ክረምት ወምበርማ ጭቃ ውስጥ ጎማው ሲሽከረከር፣ ፈረስ ቤት ዳገት ላይ ጭነት ይዞ ከቆመበት ሲነሳ፣ ከሰከላ ድንች ጭኖ ሲመለስ ሁሉ የሚቃጠለው እሱ ነው። አዲስ አበባ ደርሶ የሚመለሰውማ ጎሃ ጽዮንና ደጀን መካከል ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ወርዶ ያንኑ ያህል ይወጣል። ከባድ መኪና ከፊት እያዘገመ፣ ከኋላ እየተነፋበት። አምራቹ ለዚህ ሸራ የሰጠው ዕድሜ እኛ ጋ አይደርስም።

ይህን ሁሉ እንቀበላለን እንበል። መንገድ ነው፣ ዳገት ነው፣ የሚያልቅ ዕቃ ያልቃል። ጋራዥ ከገባን በኋላ ያለውን ግን እንዴት እንቀበል?

የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ስንት ያስወጣል? መልስ የለም። «ሳናወርደው አይታወቅም ጋሼ።» እውነቱን ነው፤ ሸራው በሞተርና በካምቢዮ መካከል ተቀብሮ ስለሚኖር ሳይወርድ አይታይም። ስለዚህ ይወርዳል። ክሪክ ይገባል፣ ድንጋይና ግንድ ይደገፋል፣ ልጁ ካርቶን አንጥፎ በጀርባው ከሥር ይገባል፣ እየታገለ ቡሎን በቡሎን እየፈታ ወደ ዘይት ጣሳ ይወረውራል። ካምቢዮው መሬት ላይ ተጋድሞ፣ መኪናው ሆዱ ተከፍቶ፣ የትም መሄድ በማንችልበት ሰዓት ዋጋ መነገር ይጀምራል።

«ጋሼ፣ ሸራው አልቋል።»

«እሱንማ አውቄ ነው ያመጣሁት።»

«ስፒንጂ ዲስኮውም ግሎ ጠቁሯል፤ መቀየር አለበት።»

«እሺ።»

«ኩሽኔታውም ይጮሃል። ካወረድነው አይቀር አብሮ ይቀየር።»

«እሺ።»

«ሸራው አልቆ ሪቬቱ ቮላኖውን ቆርጦታል። ቶርኖ ቤት ይሂድ።»

«ሌላስ ልጄ?»

«ከሞተሩ ኋላ ዘይት ያልባል። ዘይቱ አዲሱን ሸራ እንዳያበላሸው ካወረድነው አይቀር እሱንም...»

የሚያናድደው ልጁ ልክ መሆኑ ነው። ኩሽኔታውን ትቶ የወጣ ሰው ከወር በኋላ ያንኑ ካምቢዮ አስወርዶ ያንኑ የእጅ ዋጋ ይከፍላል። የተበላሸ ቮላኖ ላይ የተገጠመ አዲስ ሸራ ይንቀጠቀጣል፣ ቶሎም ያልቃል። ዘይት የነካው ሸራ ይንሸራተታል። ምክሩ ደግ ምክር ነው። ግን ይህ ሁሉ አስቀድሞ የሚገመት አይደለም ወይ? ስንት ካምቢዮ ያወረደ መካኒክ ከሸራው ጋር ምን ምን እንደሚያልቅ አያውቅም? በመጀመሪያው ቀን «ሸራ ብቻ ከሆነ ይህን ያህል፣ ስፒንጂ ዲስኮና ኩሽኔታ ከተጨመረ ይህን ያህል፣ ቶርኖ ካስፈለገ ይህን ያህል» ቢለን ምን ይጎድልበታል? እኛም ወይ ገንዘቡን ይዘን እንመጣለን፣ ወይ በቆሎው እስኪሸጥ መኪናውን ደጃችን እናቆማለን። አሁን ግን ካምቢዮው ወርዷል፤ የመነጋገሪያው ጊዜ አልፏል።

ቀጥሎ ዕቃ ፍለጋ ነው። ፍኖተ ሰላም ሱቁ ውስጥ አለ ወይ? የለም። ቡሬስ? የሌላ ሞዴል አለ። ባሕር ዳር ይጠየቅ፤ ወይም ወደ 400 ኪሎ ሜትር ርቆ አዲስ አበባ፣ ሱማሌ ተራ። ስልክ ይደወላል። «ስንት ጥርስ ነው? ስፋቱ ስንት ነው? የስንት ዓመት ሞዴል ነው?» እኛ የበቆሎ ነጋዴ ነን፣ አስተማሪ ነን፣ ጡረተኛ ነን፤ የሸራ ጥርስ ቆጥረን አናውቅም። መካኒኩ በእጁ ለክቶ ይናገራል፣ ዕቃው በአውቶቡስ ጣራ ተጭኖ ይመጣል፣ ይከፈታል፣ ጥርሱ አይገባም። ይመለስ ይሆን? ሱቁ ግድግዳ ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ተብሎ በትልቁ ተጽፏል። ከ2015 ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት በተቋረጠባቸው ወራት ደግሞ የዕቃውን ፎቶ እንኳ በቴሌግራም መላክ አልተቻለም፤ የሸራ ስፋት በአፍ ሲነገርና በጆሮ ሲሰማ ስንቱ ገንዘብ መንገድ ላይ ቀረ። መንገድ ሲዘጋማ ዕቃውም ደጀን ላይ ይቆማል፣ መኪናውም ጋራዥ ይቆማል፣ የቀን ገቢውም ይቆማል። የባንክ ብድሩ ብቻ አይቆምም።

ዕቃው ሲገኝ ደግሞ ዓይነቱ ይመጣል። ኦርጂናል አለ፣ ሁለተኛ ደረጃ አለ፣ «ከኦርጂናል አይተናነስም» የሚባል አለ። ካርቶኑ ላይ የጃፓን ኩባንያ ስም ታትሟል፤ ኤክሰዲ ይላል፣ አይሲን ይላል። ካርቶንን ማንም ያትመዋል። እጃችን ላይ የገባ አንድ ሸራ ነበር፤ ካርቶኑ የሚያምር፣ ማሸጊያው ያልተነካ። አውጥተን ስናየው አንዱ ሪቬት ከሌላው ከፍ ብሎ ቆሟል፣ ስፕሪንጉ በጣት ሲነኩት ይንኳኳል። ሻጩ «እንደሱ ነው የሚመጣው» አለ። የኦርጂናል ዋጋ ከፍለን ወሰድነው፤ ሌላ ስላልነበረ። ክረምቱን አላለፈም። ዕቃው ድጋሚ ተገዛ፣ ካምቢዮው ድጋሚ ወረደ፣ የእጅ ዋጋው ድጋሚ ተከፈለ። ሻጩ «የገጠመው መካኒክ ነው ያበላሸው» አለ፤ መካኒኩ «የሸጠልህ ዕቃ ነው» አለ፤ ሾፌሩም «እኔ በደንብ ነው የነዳሁት» አለ። ሦስቱም ተማምነው የሚስማሙበት አንድ ነገር አለ፤ ከፋዩ ባለመኪናው ነው።

ዋጋው ለምን እንደወጣ አናውቅም አንልም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲለቀቅ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ሸራው ከውጭ ነው የሚመጣው፤ በዶላር ይገዛል፣ ቀረጥ ይከፈልበታል፣ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ አለበት፣ የማጓጓዣው አለ። ይገባናል። የማይገባን ከዚያ በፊት ገብቶ መደርደሪያ ላይ አቧራ የጠጣው ዕቃ በአንድ ሌሊት መወደዱ ነው። ሲጨምር በሰዓቱ ይጨምራል፤ ሲቀንስ «በድሮው የገዛነው ነው» ይባላል። እኛ ይህን ዋጋ በብር ሳይሆን በኩንታል በቆሎ ነው የምንቆጥረው። ብር ሸለቆ ዳር፣ ጃቢ ጠህናን ውስጥ፣ ቡሬ ዙሪያ ገበሬው በቆሎውንና በርበሬውን ወደ ገበያ የሚያወጣው በእነዚሁ መኪኖች ነው። የጋራዡ ሒሳብ ሲያብጥ የጭነት ዋጋ ያብጣል፣ የጭነት ዋጋ ሲያብጥ ገበሬው ደጅ ላይ የሚገዛበት ዋጋ ይወርዳል። አልቆ የወጣውን ሸራ ፈጽሞ ያላየ ገበሬ ነው የሚከፍለው።

የባጃጁ ልጅ ነገር ደግሞ ብቻውን ይነገር። የእሱ ፍሪሲዮን ሞተሩ ውስጥ ዘይት ውስጥ የሚሽከረከሩ ትንንሽ ሸራዎች ናቸው፤ ከአይሱዙ ጋር ሲነጻጸር ዋጋው ትንሽ ነው። ትንሽነቱ ግን ለማን? ባጃጁ የሌላ ሰው ነው። ልጁ በየማታው ገቢ ያስገባል፤ የተረፈችው የእሱ ናት። ሸራው ሲያልቅ ባለቤቱ «አንተ ነህ ያቃጠልከው» ይለዋል። ቢሠራም ባይሠራም ገቢ ይጠየቃል። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ማለት ይኸው ነው። ልጁ ከጓደኛው ተበድሮ ያሠራዋል፣ ዕዳውን ለመክፈል ትርፍ ሰው ይጭናል፣ በትርፉ ሰው ሸራው ይቃጠላል፣ እንደገና ይበደራል። ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ አካባቢ እንዲህ የሚዞሩ ልጆችን ስናይ ሆዳችን ይላወሳል፤ ከጉልበታቸው በቀር ምንም የላቸውም።

ደረሰኝ እንጠይቅ? ጠይቀናል። «በደረሰኝ ከሆነ ዋጋው ይጨምራል» ይባላል። ያለ ደረሰኝ ደግሞ ዕቃው ሲበላሽ የት እንሂድ? የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ ዋጋውን እንዲያሳይ፣ ለሸጠውም ደረሰኝ እንዲሰጥ ያዝዛል። ዓመታት አልፈዋል። በየጋራዡ በር ላይ ስንት የእጅ ዋጋ ተለጥፎ አይተናል? የጋራዡን ፈቃድ የሚያድሰው ቢሮ አንድ ጊዜ ብቅ ብሎ «የእጅ ዋጋ የት ለጥፈሃል?» ቢል ከእኛ የዓመት ጩኸት ይበልጣል።

ይህን ስናወራ «አርጅቷል፣ ሽጠህ አዲስ ግዛ» የሚለን አይጠፋም። በምን? ከጥር 2016 ወዲህ በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ተከልክሏል፤ የአሮጌውም ዋጋ ሰማይ ነክቷል። የኤሌክትሪክ መኪና ፍሪሲዮን የለውም ይሉናል፤ ልክ ናቸው፣ የሚቃጠል ሸራ የለውም። አንጠላውም፣ እንወደዋለን። ግን መብራት ጠፍቶ በሚያድርበት ቀበሌ ማን ይሞላዋል? ሽንዲ ጭቃ ውስጥ ገብቶ ሲቆም ማን ይጠግነዋል? እስኪደርሰን ድረስ ያሉንን አሮጌ መኪኖች እየጠገንን መኖር ግዴታችን ነው። ለዚህም ጋራዥ ያስፈልገናል፤ መካኒኮቻችንም ያስፈልጉናል። ክረምት ከበጋ ቀዝቃዛ መሬት ላይ ተኝተው፣ ግሪስ ከእጃቸው የማይለቅ ልጆች ናቸው፤ እንጀራቸውን አንመቀኝም። የእጅ ዋጋቸውን ሙሉ ይውሰዱ።

ነገር ግን ካምቢዮው ከመውረዱ በፊት ግምቱን በወረቀት ጽፈው ይስጡን። ዕቃ ሲገዛ ባለመኪናው አብሮ ሄዶ ይይ፤ ከዕቃ ሻጭ የሚቆረጥ ኮሚሽን ካለ ይነገረን። የወጣው ሸራ በጋዜጣ ተጠቅልሎ ይመለስልን፤ አዲሱ የተገጠመበት ቀን ካርቶኑ ላይ ይጻፍልን። ሱቆቹም ያልገባ ጥርስ ይዘን ስንመለስ የግድግዳውን ጽሑፍ አያሳዩን፤ ይቀይሩልን። በቆሎው ሊሰበሰብ ነው፤ ቡሬም፣ ማንኩሳም፣ ደምበጫም መኪና ይፈለጋል፣ ስንቱ መኪና ግን አሁንም ሆዱን ከፍቶ ግንድ ላይ ቆሟል። ዛሬ ጠዋት እንኳ ከባሕር ዳር የሚመጣ ዕቃ ስንጠብቅ ነው ያረፈድነው፤ ደርሷል ተብለን ብንሄድ የመጣው ስፒንጂ ዲስኮው ብቻ ነው፣ ሸራው ነገ ይላካል።